ከገምባሌው ሥር

ደሙ ያለው በኋላ በኩል ነው። ልብስ አጣቢዋ ረጅሙን የኳስ ገምባሌ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አገላበጠችው። በፊት በኩል፣ የቅልጥም መከላከያው በሚያርፍበት ቦታ፣ ከሣርና ከጭቃ በቀር ምንም የለበትም። በባቱ በኩል ግን ጣት ጣት የሚያህሉ ሦስት መስመሮች ደርቀው ጨርቁን እንደ ካርቶን አክርረውታል። ሌላ አነሣች፤ ያው ነው። ሌላ አነሣች፤ እሱም ያው። ቆጥራ ስትጨርስ ከአሥራ አራቱ ልጆች ገምባሌ የዘጠኙ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ይህች ሴት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የኳስ ተጫዋች ላብ ስታጥብ የኖረች ናት፤ ደም ከየት እንደሚመጣ ሐኪም አይነግራትም። ጉልበት ላይ ከሆነ መሬት ነው፣ ቅልጥም ላይ ከሆነ ታኬታ ነው፣ ማሊያ ላይ ከሆነ ነስር ነው። ባት ላይ፣ ያውም በመስመር ተሰልፎ የሚወጣ ደም ግን የኳስ ደም አይደለም። ባለፉት ሳምንታት አንድ ሁለት ሲያጋጥማት የአጥር ሽቦ ይሆናል ብላ በሳሙና አልፋዋለች። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? ዛሬ ግን ዘጠኝ ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ አጥር ሾልኮ፣ አንድ ቦታ ላይ ተቧጨረ ብላ ራሷን ማሞኘት አቃታት።

የምታጥብበት ክፍል ከተመልካቾች መቀመጫ ደረጃ ሥር ነው፤ ጣሪያው ደረጃውን ተከትሎ ስለሚወርድ ወደ ውስጥ የምትገባው አጎንብሳ ነው። አንድ ቧንቧ፣ ሁለት የፕላስቲክ ገንዳ፣ መጭመቅ ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ሲባጎ። የልጅ እግር ሽታ ሳሙናውን ያሸንፈዋል፤ እሷ ግን ለምዳዋለች፣ እንዲያውም በእረፍት ቀኗ ይናፍቃታል። በየገምባሌው አፍ ላይ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ተጽፏል። ስድስት ቁጥርን ሆን ብላ ለመጨረሻ አቆየችው። ስድስት ቁጥር የወንድሟ ልጅ ነው፤ አሥር ዓመቱ ቢሆንም ከእኩዮቹ ሁሉ ስለሚያንስ ጢኖ ይሉታል። ሰሞኑን ገላህን ልጠብህ ስትለው «አሁን ትልቅ ሰው ሆኛለሁ» ብሎ በሩን ሲቆልፍባት ስቃበት ነበር። በዚያ ሙቀት ረጅም ሱሪ ለብሶ ሲውልም ልጁ ማማር ጀመረ ብላ ለጎረቤት አውርታለች። ዛሬ ጠዋት ዳቦውን ቆሞ ነው የበላው። ገምባሌውን ገለበጠችው። መስመሮቹ አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ላይ ከደሙ ጋር መግል ደርቋል። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

የቡድኑ አሰልጣኝ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ታናሽ ወንድሟ፣ የጢኖ አባት ነው። አምና አንድ ልጅ ያለ መከላከያ ገብቶ ቅልጥሙ ሲሰበር ድምፁ መንገድ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ልጁን ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው፤ በማግሥቱም የየወላጁን በር እያንኳኳ፣ እየለመነም እየተቆጣም፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የቅልጥም መከላከያ ያስገዛው እሱ ነው። መከላከያውን በሙቅ ውኃ እያለሰለሰ በየልጁ እግር ልክ የሚያጎብጠው በገዛ እጁ ነው። የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ ከለከለ፤ ሐብል፣ ሰዓት፣ ቀለበት ከለከለ። ኮሪደሩ ላይ የሰቀለው ጽሑፍ «ከዋንጫ በፊት የልጆቻችን ደኅንነት» ይላል። ወላጆች እንደ እሱ ያለ አባት የለም ይላሉ። እሷም ይህን በሰማች ቁጥር ግማሹን ምስጋና ለራሷ ትወስዳለች፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረውን ሰው ያደረገችው እሷ ናትና። አላገባችም፣ አልወለደችም። የጢኖ እናት ከሞተች ወዲህ ሦስቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ በዚህ ዓለም ያሏት እሱና ጢኖ ብቻ ናቸው።

የታጠፉትን ማሊያዎች ታቅፋ ኮሪደሩን ተሻገረች። ልትጠይቀው ነው የሄደችው፤ ምን ብላ እንደምትጠይቀው ግን አታውቅም። የመልበሻ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል።

«ትናንት ልምምድ ላይ ስንት ኳስ ሳትክ?» የወንድሟ ድምፅ ነው። ቁጣ የለበትም፤ ሒሳብ የሚያስተምር ይመስላል።

«ሰባት።»

«ስንቱን ተቀጣህ?»

«አምስቱን።»

«ስለዚህ?»

«ሁለት ይቀረኛል፣ አባዬ።»

ከዚያ እርጥብ ገመድ አየር ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ መጣ። ይህን ድምፅ ለእሷ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። በሩን በትከሻዋ በርግዳ ገባች። ጢኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የልብስ መስቀያውን በሁለት እጁ ጨብጧል። መከላከያዎቹ በፊት በኩል በሥርዓቱ ታስረዋል፤ በኋላ በኩል ባቱ አብጦ ቆዳው ተወጣጥሯል፣ ትናንት በቆሰለው ላይ አዲስ ደም ወደ ተረከዙ ይወርዳል። አላለቀሰም። ሌሎቹ አሥራ ሦስቱ አግዳሚው ላይ ተደርድረው የጫማቸውን ክር ያስራሉ፤ አንዱም ቀና አላለም። አንደኛው አስሮ ጨረሰና ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። በወንድሟ እጅ ላይ ለሁለት የታጠፈ የካውያ ገመድ አለ፤ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ውጡና አሟሙቁ» አላቸው ልጆቹን። ለጢኖም ራሱን ዳበስ አድርጎ «ቀስ ብለህ ሩጥ» አለው፤ እውነትም የሚያዝን አባት ይመስል። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወደ እህቱ ዞረ።

«አንኳኩተሽ መግባት ነበረብሽ፣ እትዬ።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሥራዬን። አጥንት አልነካም። ፊት ለፊቱን አላየሽውም? ተጠብቋል። ሥጋ እንደሆነ ይድናል።»

«ልጅህ እኮ ነው!»

«እኔስ የማን ልጅ ነበርኩ?» አለ። አልጮኸም። «እኔ ሰው የሆንኩት በምን ሆነና ነው? በሠርጌ ቀን በካውያ ገመድ ነው ያሳደግሁት ብለሽ ለሰው ሁሉ ስታወሪ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እኔም አብሬ ስስቅ አልነበር?»

የተናገረው እውነት ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ሆና የሰው ልብስ እያጠበች ስታሳድገው፣ ከኪስ አውላቂዎች ጋር እንዳይውልባት ፈርታ፣ ያንኑ ገመድ እያራሰች ባቱን ባቱን ትለው ነበር። ባቱን የመረጠችው የትምህርት ቤቱ ሱሪ ስለሚሸፍነው ነው። ፊቱን አንድም ቀን አልነካችውም፤ በዚህ ትኮራ ነበር። ጎረቤት «ቀጥቅጠሽ ሰው አደረግሽው» ሲላት ደስ ይላት ነበር። ወንድሟ ገመዱን በፎጣ በጥንቃቄ አድርቆ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። «ገምባሌዎቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይድረሱልኝ» አላት። «የዛሬው ፍጻሜ ዳኛ ጥብቅ ናት አሉ። ያለ ገምባሌ አታስገባም።»

ተመልሳ አጠበች። እጇ ሌላ ሥራ ስለማያውቅ ነው ያጠበችው። ደሙን በቀዝቃዛ ውኃ አስለቀቀች፣ በሳሙና መታች፣ በጉልበቷ ጨመቀች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ከዚያ ከተሰጡት ገምባሌዎች ሥር ተቀምጣ አሰበች። ለፖሊስ ብትናገር የገዛ ወንድሟን በገዛ እጇ ማሳሰሯ ነው፤ የቤት ገመና አደባባይ ወጥቶ በዚህ ሰፈር ቀና ብላ አትሄድም። እየዞረች ለወላጆች ብትነግር «አንቺስ?» ቢሏት መልስ የላትም። ዝም ብትል ደግሞ ጢኖ በዚያ እግሩ ይገባል፣ በዚያ እግሩ ኳስ ይስታል፣ የሳተውም ተቆጥሮ ማታ ይጠብቀዋል። ከሁለት አንዳቸውን ታጣለች፤ ይህ ገባት። ለወንድሟ አለቀሰችለት፣ ከልቧ አለቀሰችለት። ሲበቃት አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ተነሣችና ቁልፍ የምትተክልበትን ሣጥን ከፍታ ትልቁን መቀስ አወጣች። የመጀመሪያውን ገምባሌ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጠችው። ሃያ ስምንቱንም ቆረጠቻቸው። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ደስ አላት፤ ሰው ብታገኝ ሰው የምትቆርጥ ይመስላት ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ከረጢቱን አምጥታ ሜዳው ዳር ወንድሟ እግር ሥር አኖረችለት። ፈታው፤ አየው፤ ደግሞ አየው። ቀና ሲል ዓይኑ ደም ለብሷል። ነገር ግን መቀመጫው ሁሉ በሰው ተሞልቷል፣ ተጋጣሚዎቹ በነጭ ገምባሌያቸው ተሰልፈዋል፣ ዳኛዋም ፊሽካዋን ነፍታ ልጆቹን ጠርታለች። «ማታ እንገናኛለን» ብሎ በጥርሱ መካከል ተናገራትና ልጆቹን በባዶ ባታቸው፣ መከላከያቸውን በላስቲክ ብቻ እንዳሰሩ አሰለፋቸው። ዳኛዋ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ናት። በፊታቸው እያለፈች መከላከያውን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ጫማቸውን እያስነሣች ጥርሱን ዳሰሰች፣ ጣታቸውንና አንገታቸውን አየች። ከዚያ በኋላቸው ዞረች። ሦስተኛው ልጅ ጋ ስትደርስ ቆመች። ስድስት ቁጥር ጋ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጆቹ ጀርባቸውን ለመቀመጫው እንደሰጡ ናቸው፤ መቀመጫው ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ ዓይን ካለው የሚያየውን አየ። ጫጫታው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እስከ ላይ ጠፋ። ልብስ አጣቢዋ ምሰሶ ተደግፋ፣ አሁን ሰማይ ይደፋል ብላ ጠበቀች።

ሰማዩ አልተደፋም። ከፊት ረድፍ ባለ ጋራዡ፣ የበረኛው አባት፣ «እና ምን ይጠበስ?» አለ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። እነዚህ ለፍጻሜ የደረሱት በምን መሰላችሁ? በጸሎት ነው?» ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ነርስ የሆነችው እናት ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፤ አጣቢዋ ተስፋ አደረገችባት። ነርሷ ግን ከቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ የልጇን ባት ጠቀለለችለትና፣ ማንንም ሳታይ፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዳኛዋ ድምፁ እየተቆራረጠባት ይህን በሪፖርቷ እንደምትጽፍ፣ ለማንኛውም ግን በሕጉ መሠረት መከላከያው በገምባሌ ካልተሸፈነ ማንም እንደማይገባና ጨዋታው ለተጋጣሚው በፎርፌ እንደሚሰጥ ተናገረች። ፎርፌ የሚለው ቃል ያንን ሁሉ ባት ያላደረገውን አደረገ፤ መቀመጫው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ባለ ጋራዡ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀና ጥቁር ካልሲውን ስቦ ወደ ሜዳው ወረወረ። «የኔን ውሰዱ!» ሌላውም አወለቀ። ከዚያ አባቶች ሁሉ ተጎንብሰው ካልሲያቸውን ያወልቁ ጀመር፤ የቢሮ ካልሲ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ተረከዙ የተቀደደ ካልሲ ከደረጃው ላይ እየተወረወረ ወረደ። አሰልጣኙም የራሱን አወለቀና ጢኖ ፊት ተንበርክኮ በእጁ አጠለቀለት፤ እስከ ጉልበቱ ድረስ ስቦ ቁስሉን አለበሰው። ዳኛዋ ሕጉ ካልሲው የማን ይሁን እንደማይል አስባ ይሁን ፈርታ አይታወቅም፣ ፊሽካውን ነፋች።

ጨዋታው የልጅ ጨዋታ አልነበረም። ተጋጣሚዎቹም የሚጠብቃቸው ነገር ያለ ይመስል ኳሱን ትተው እግር ይለቅማሉ፤ መከላከያ በታኬታ ሲመታ ቋ ቋ ይላል፤ አንዱ በክርን አፍንጫውን ተመትቶ ደሙን በማሊያው እየጠረገ ሮጠ፣ ሌላው ሆዱን ተረግጦ ሣር እየነጨ አቃሰተ። መቀመጫው «ስበረው! አትራራለት!» ይላል። ጢኖ በዚያ እግሩ እያነከሰ ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ። የመጀመሪያዋ ኳስ በጎኑ አለፈች። ኳሱ ወዴት እንደሄደ አላየም፤ ያየው አባቱን ነው። አባቱ ሜዳው ዳር ቆሞ አንድ ጣቱን አነሣለት። ሁለተኛዋ ከእግሩ ሥር ተሰረቀች፤ ሁለት ጣት። ሦስተኛዋን ሊመታ እግሩን ሲዘረጋ ባቱ አልታዘዘው ብሎ ተደፋ፣ ከኋላው የመጣው ልጅ በላዩ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ጀርባውን ረገጠው፣ ኳሷም ጎል ገባች። ጢኖ መሬት ላይ እንደተኛ፣ አፉ ሣር እንደጎረሰ፣ አንገቱን አዙሮ አባቱን አየ። አጣቢዋም ሦስተኛው ጣት ሲነሣ አየች።

ምን እንዳሰበች ራሷም አታውቅም። የመስመሩን ኖራ ተሻግራ፣ በነጠላ ጫማዋ፣ እጅጌዋን እንደጠቀለለች ሜዳው መካከል ገባች። ፊሽካ ተነፋ፣ ሰው ተንጫጫ፣ አንዱ ከላይ «እማማ፣ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብሎ አሳቀ። ጢኖን ከመሬት አንሥታ ከቀሚሷ ኋላ አቆመችው። ወንድሟ እየሮጠ ደረሰ።

«ውጪ። እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰው ፊት ነው ያለነው፤ ውጪልኝ።»

«እሱን ሳልይዝ አልወጣም።»

«ልቀቂው!»

«ከመታህ እኔን ምታ» አለችው። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከመታህ ከዚህ ጀምር።»

ሊጎትታት ትከሻዋን ያዘ፤ እንደ ተተከለ ምሰሶ እምቢ አለችው። ከላይ ይሳቃል፣ ይፉጫል፣ ከተጋጣሚዎቹ ወገን «አሰልጣኙን ሞግዚቱ ልትገርፈው ነው!» ይባላል። ፊቱ ሲገረጣ አየች። ይህን ፊት ከሰባት ዓመቱ ጀምራ ታውቀዋለች። እጁ ኪሱ ገባ፣ ወጣ፣ ተነሣ፤ ገመዱ ከጆሮዋ ጀምሮ አንገቷን ተሻግሮ ደረቷ ላይ አረፈ። ዳግመኛም አረፈ። አልጮኸችም። ጆሮዋ ተተርትሮ ደሙ በትከሻዋ ላይ ሲወርድ ሞቃት ነበር።

ሳቁ ተቆረጠ። «እናቱን መታ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። «ያሳደገችውን! ጡት እንዳጠባች ያሳደገችውን!» ያ በዘጠኝ ልጅ እግር ያልተነቃነቀ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ከደረጃው ወረደ። ፊት ፊት የሚሮጠው ባለ ጋራዡ ነው፤ ካልሲ በሌለው እግሩ ያጠለቀውን ከባድ ጫማ እያንኳኳ ደረሰና አሰልጣኙን በጡጫ አገጩን ብሎ ጣለው። ሌሎቹ በላዩ ወደቁበት። የማዕዘኑን ባንዲራ ዘንግ ነቅሎ የመጣ አለ፤ ድንጋይ ይዞ የመጣ አለ። ነርሷ እንኳ በቦርሳዋ ትመታለች። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ለአጣቢዋ ተሰማት፤ ጥርሱ ሣሩ ላይ ተተፋ፤ ራሱን በክንዱ ሊሸፍን ሲሞክር ክንዱን ረገጡት። «እናት የማያከብር! አውሬ!» ይላሉ። እሷ ከዳር ሆና የሰው ጀርባ በጡጫዋ እየደበደበች «ስለ እኔ አትምቱት! ስለ እኔ አይደለም! የልጆቹን እግር እዩ!» እያለች ጮኸች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። አንዱ ጎልማሳ በትሕትና ወደ ጎን ገፋ አደረጋትና «አይዞዎት እማማ፣ የእጁን ይሰጡልዎታል» ብሏት ተመልሶ ለመምታት ሄደ። አሥራ ሦስቱ ልጆች በአባቶቻቸው ካልሲ እንደቆሙ፣ አባቶቻቸው ሰው ሲመቱ ያያሉ።

ጢኖ ከቀሚሷ ኋላ የለም። ዞር ብላ በዓይኗ ፈለገችው። ልጁ አጎንብሶ በሰው እግር መካከል ሾልኮ ገብቷል፤ ደርሶ አባቱ ራስ ላይ ተኛ፣ ፊቱን በፊቱ ሸፍኖ በሁለት እጁ አቀፈው። ለአባቱ የተሰነዘረ ጫማ የእሱን ጀርባ አገኘው፤ ሌላም አገኘው። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው አይቶ ቆመ፣ ሁለተኛው ቆመ፣ በመጨረሻ ባለ ጋራዡ ያነሣውን እግሩን መልሶ መሬት ላይ አኖረ። ሰፊው የአባቱ ካልሲ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወርዶ ባቱ ተገልጧል። ጢኖ አቅፎ እንደያዘ አንገቱን ብቻ አዞረና፣ ከሁሉም መርጦ ባለ ጋራዡን አይቶ፣ እያለቀሰ ለመነው።

«አባዬን ተዉልኝ! በቃ፣ ሁለተኛ ኳስ አልስትም!»